ስማቸው የተሸፈነ አገሮች

«ለመሆኑ እታለም፣ ከእኛና ከእነሱ ማን ይሻላል?»

እህቴ ፀዳለ ይህን የጠየቀችኝ ከጁባ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዕረፍት አዲስ አበባ በተመለስኩ ሰሞን ነው። ሥራዬ የኢትዮጵያንና የደቡብ ሱዳንን የነፍስ ወከፍ ገቢ አስልቶ ማወዳደር፣ ከዓመት ዓመት ማን እንደቀደመና ማን እንደቀረ መከታተል መሆኑን ስነግራት ሳቀች። «ታዲያ ይኼ ምኑ ይከብዳል? አንዱን ለአንዱ ማካፈል አይደለም እንዴ! በይ ንገሪኝ፤ ማን ይሻላል?» እኔ ደግሞ «በየትኛው ዋጋ? ከየትኛው ዓመት ጀምሮ?» እያልኩ ማብራራት ስጀምር እጇን አወናጭፋ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲህ ስንት ሠንጠረዥ በእጄ አለፈ። ጥያቄዋን ግን እስከ ዛሬ አልመለስኩም።

ባለፈው ክረምት ጡረታ ወጣሁ። ፀዳለ አዲስ አበባ ግቢዋ ውስጥ አንድ ክፍል አሠርታልኛለች፤ «የእታለም ክፍል» ትለዋለች፤ መጽሐፍ መደርደሪያው ሳይቀር ተገጥሟል። በስልክ «መቼ ነው የምትመጪ?» ስትለኝ «ዕቃ እየሸከፍኩ ነው» እላለሁ። አንድም መጽሐፍ ካርቶን ውስጥ አልከተትኩም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ለሌላው ሁለት አገር ሳወዳድር ኖሬ፣ አንዱን መምረጥ የራሴ ተራ ሲሆን አፌ ተያዘ። ለእህቴ «እመጣለሁ» ወይም «አልመጣም» የሚል አንድ ቃል መናገር ነበር የቀረኝ። ያን ቃል ለመናገር ወራት ፈጀብኝ።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። አባታችን ወልቂጤ ላይ ወፍጮ ቤት ነበረው። እናታችን ፀዳለን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ አረፈች፤ እኔም ሕፃኗን ጀርባዬ ላይ አዝዬ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ እህል እየመዘንኩ አደግሁ። ፀዳለ ትምህርት ቤት ስትገባ ፊደሉን ከእሷ ደብተር ላይ ለቀምኩ። በኋላ የማታ ትምህርት ተመዝግቤ አንደኛ ክፍል ስገባ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ በጎን ነበር የምቀመጠው። ከፊቴ የተቀመጠች ልጅ ዞር ብላ «እማማ፣ ልጅዎን ሊወስዱ ነው?» አለችኝ። ገና ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር።

ወፍጮ ቤት አንድ ነገር አስተምሮኛል። ሰው እህሉን እቤቱ በየራሱ ቁና ሰፍሮ ይመጣል፤ የአንዱ ቁና ግን የሌላው ቁና አይደለም። ሁለት ሴቶች «የኔ ይበልጣል፣ የኔ ይበልጣል» እያሉ ሲነታረኩ አባባ ዱቄቱን ከቅንድቡ ላይ እየጠረገ «መጀመሪያ መስፈሪያውን አንድ አድርጉት፣ ከዚያ ተጣሉ» ይል ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ብዙ ነገር ተማርኩ፤ ይህን የሚሽር ግን አላገኘሁም።

ስመረቅ አብረውኝ ቆብ የወረወሩት ልጆቼ ሊሆኑ የሚችሉ ነበሩ። መጀመሪያ የተመደብኩት ጅማ ነው፤ የገበያ ዋጋ ሰብሳቢ ሆኜ። በርበሬ ሻጮቹ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «መጣች ጠይቃ የማትገዛዋ!» ይባባላሉ። ቀጥሎ ጋምቤላ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ሠራሁ። ደመወዙ ያው የመንግሥት ደመወዝ ነው፤ ስለሱ ብዙ አልልም። ደቡብ ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ለጁባ ቢሮው የስታቲስቲክስ ባለሙያ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ አወጣ። ጋምቤላ መሥራቴ ጠቀመኝና ተቀጠርኩ። ፀዳለ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኝታኝ «ሁለት ዓመት ብቻ!» አለችኝ። «ሁለት ዓመት» አልኩ። ሁለታችንም አምነን ነበር።

ቢሮአችን ከብረት ኮንቴይነር የተሠራ ነበር። ጀነሬተሩ ሲሠራ በጩኸቱ መነጋገር አይቻልም፤ ሲጠፋ ደግሞ በሙቀቱ ማሰብ አይቻልም። መጀመሪያ ቀን በሩን ከፍቼ ስገባ አንድ ረጅም ሽማግሌ እርሳስ እየቀረጹ አገኘኋቸው። ቀና ሳይሉ «ሀበሺት መጣሽ? ኬፍ?» አሉኝ። ምን እንደምመልስ ስፈልግ «ኪዌስ በይ። ኪዌስ ባይሆንም ኪዌስ ነው የሚባለው፤ ደህና ነኝ ማለት ነው» አሉኝ፤ በጠራ የአዲስ አበባ አማርኛ።

አቶ ኦቻላ ይባላሉ። አኝዋክ ናቸው፤ ጋምቤላ አድገው አዲስ አበባ የተማሩ። የማውቀውን ሙያ ሁሉ ያወቅኩት ከእሳቸው ነው ብል አልተጋነነም። ቁጥር መጀመሪያ በእርሳስ ካልጻፉ ኮምፒዩተር ውስጥ አያስገቡም። ዋጋ በተሰበሰበበት ገበያ ምሳ ካልበሉ የገበያውን ዋጋ አያምኑም፤ ስለዚህ ከእሳቸው ጋር ያልበላሁበት ሱቅ፣ ያልቀመስኩት ኪስራ የሚሉት ስስ የማሽላ ቂጣና ያልታመምኩበት ወጥ የለም። ጠዋት «ደህና ነኝ» ካልኳቸው «ከየትኛው ዓመት አንጻር?» ይሉኛል። አንድ ሰሞን ወባ ይዞኝ ተነሥቼ «ተሻለኝ» ስላቸው ቀረብ ብለው ዓይኔን አዩና «ካለፈው ሳምንት አንጻር እንኳን እውነት ነው፤ ካለፈው ዓመት አንጻር ግን ማሽቆልቆል ይታያል» አሉ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ልማዳቸው የካርቶን ቁራጫቸው ነው። ከጫማ ካርቶን የተቆረጠ፣ ጠርዙ በእጅ ብዛት የወዛ። የአገሮች ሠንጠረዥ ሲደርሳቸው መጀመሪያ ያችን ቁራጭ የአገሮቹ ስም በተጻፈበት በላይኛው ረድፍ ላይ ይጋርዳሉ። ከዚያ ቁጥሩን ብቻ፣ የማን እንደሆነ ሳያዩ፣ ከላይ ወደ ታች ያነባሉ። ያልተለመደ ነገር ሲያዩ ጎኑ ላይ ምልክት ያደርጋሉ።

«ለምን ይሸፍኑታል?» አልኳቸው።

«አስካለ፣ አንቺ የየት አገር ሰው ነሽ?»

«የኢትዮጵያ ነዋ።»

«እኔ የማን እንደሆንኩ እግዜር ይወቅ፤ ሁለቱም የኔ ናቸው። ስሙን ካየሁ ለአንዱ አዝናለሁ፣ በሌላው እቀናለሁ። ያዘነ ሰው ደግሞ ሲደምር ይሳሳታል።»

በማግሥቱ አንድ ካርቶን ቆርጠው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩልኝ።

በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት በወረቀት ላይ ደቡብ ሱዳን ከኢትዮጵያ ብዙ ርቃ ከላይ ነበረች። ነዳጁ ብዙ፣ ሰዉ ጥቂት፤ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ጠቀም ያለ ይደርሰዋል። መብራት በጠፋ ቁጥር አቶ ኦቻላ በጨለማው ውስጥ «አስካለ፣ በወረቀት እንበልጣችኋለን እኮ!» ብለው ይስቃሉ። ያኔ ነው አገር ውስጥ በተመረተውና አገሬው እጅ በገባው መካከል ያለውን ገደል የተረዳሁት። ነዳጁ የሚወጣው ከዚህ መሬት ነው፤ ከትርፉ ብዙው ግን አውጪዎቹን ተከትሎ ባሕር ይሻገራል። ስለዚህ ሁለቱንም ጎን ለጎን ማስቀመጥ ግድ ነበር። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያወጣ መጽሔት ሳገኝ ዛሬም ጠርዙ ላይ «ሌላውስ?» ብዬ እጽፍበታለሁ።

ዓመቱም አይገጥምም። የኛ በጀት ዓመት በሐምሌ ይብታል፤ እዚህ ያለው መረጃ በጥር ይጀምራል። ሁለቱን «በዚህ ዓመት» ብሎ ጎን ለጎን ማኖር የአንዱን ክረምት ከሌላው በጋ ጋር ማወዳደር ነው። ግማሹን ካለፈው፣ ግማሹን ከሚመጣው እየቆረጥኩ ስቀጥል እውልና፣ ልብስ ሰፊ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

የሕዝብ ቁጥሩ ደግሞ በሁለቱም በኩል ግምት ነው። በጋምቤላ ድንበር ወዲያና ወዲህ የሚል ቤተሰብ አንዳንዴ ሁለት ቦታ ይቆጠራል፤ አንዳንዴ የትም አይቆጠርም። «እኔን ሁለቱም አገር ቆጥሮኛል፤ በሁለቱም መዝገብ አለሁ» አሉኝ አቶ ኦቻላ አንድ ቀን። «ገቢያችሁ ለአንድ ተጨማሪ ሰው ተካፈለ ማለት ነው። ብቻዬን ሁለት አገር አደኸየሁ!»

ውሃስ? አዲስ አበባ ውሃ በቧንቧ ይመጣል፤ ሲመጣ። ጁባ ላይ በቦቴ ይመጣና በርሜል እያስሞላን እንገዛለን። የተገዛ ነገር ሁሉ በገቢ ስሌት ውስጥ ይገባል። የኮሎሎ ሰፈር ጎረቤቴ ለውሃ ብዙ ባወጣች ቁጥር አገሯ በወረቀት ትንሽ ከፍ ትላለች። ይህን ለፀዳለ በስልክ ሳጫውታት «እንግዲያው እኛም ቧንቧውን እንስበረው!» አለች። ፀዳለ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበረች፤ ቀልድ ስትወድ ግን እንደ ተማሪ ነው።

እነዚያ ዓመታት ናፍቆኛል ብል ሰው አይገባውም። ሙቀቱ፣ አቧራው፣ ያ ሁሉ ችግር ይናፍቃል እንዴ ይሉኛል። እኔ የሚናፍቀኝ ከሰዓት በኋላ ጀነሬተሩ ሲያርፍ የሁለት እርሳስ ድምፅ ብቻ የሚሰማበት ጊዜ ነው። አንዳችን ሌላችንን ሳናይ እናሰላለን፤ ከዚያ ወረቀቱን እንለዋወጣለን። ውጤታችን ከገጠመ አቶ ኦቻላ «ካላስ! አለቀ!» ብለው ጠረጴዛውን መታ ያደርጉታል። ካልገጠመ እርሳሱን እንደገና ይቀርጻሉ።

ከዚያ መከራው መጣ። ጦርነቱ፣ የነዳጁ ዋጋ መውደቅ፣ የአገሩ ገንዘብ የፓውንዱ መርከስ ተደራረበ። ድርጅታችን በየዓመቱ የስድስት ጎረቤት አገሮችን ሠንጠረዥ ያሳትማል። የዚያን ዓመቱን ጥሬ ሠንጠረዥ ስቀበል አቶ ኦቻላ የተጠራቀመ የወራት ፈቃዳቸውን ወስደው ለዘመድ ሠርግ ጋምቤላ ሄደው ነበር፤ ብቻዬን መሥራቴ ነው። ካርቶኔን ጋረድኩና ማንበብ ጀመርኩ። አንዱ ዓምድ ላይ ስደርስ የመጨረሻው ቁጥር ከገደል እንደተጣለ ሆኖ ወርዷል። አገር በአንድ ዓመት እንዲህ አይወድቅም፣ የምንዛሪው ነጥብ ተሳስቶ ነው አልኩ። በቦታው ከዓምዱ ግርጌ የሰፈረውን ያለፈውን ዓመት ምንዛሪ አስገብቼ አሰላሁት፤ ዓምዱ ተስተካከለ። ጎኑ ላይ በእርሳስ «ይጣራ» ብዬ ጻፍኩ። ማተሚያ ቤት የሚሄደው በዚያው ቀን ስለነበር ወረቀቱ ተቻኩሎ ተወሰደ፤ ሲተየብ የእርሳሱ ጽሑፍ ቀረ። እኔ ደግሞ እስከ መጨረሻው ካርቶኑን ሳላነሳ መሥራቴ አኩርቶኝ ነበር። አቶ ኦቻላ ሲመለሱ የምነግራቸው ነገር አገኘሁ ብዬ።

የሸፈንኩት የምኖርበትን አገር ነበር። በዚያው ሳምንት የፓውንድ ክምር በላስቲክ አስሬ ሄጄ ስኳር የገዛሁ ሴት ነኝ። ስሙን ባየው ኖሮ ስህተት አልለውም ነበር፤ እጄ ራሱ ያውቀው ነበር።

ነገሩን የሰማሁት ከኛማል ነው። ኛማል ጋምቤላ ያደገች የኑዌር ልጅ ናት፤ ከስደት ተመልሳ ከእኛ ጋር መረጃ ታስገባለች። ልጇ አትላባራ ሰፈር ትምህርት ቤት ትማራለች። ሰዓት የማታዛንፈው ኛማል አንድ ጠዋት አርፍዳ መጣች።

«ይቅርታ እትዬ፤ ለልጄ ምሳ ስቋጥር ነው የቆየሁት።»

«ትምህርት ቤቱ ምሳ ይሰጥ የለም እንዴ?»

«ማፊ፤ የለም። ቆመ እኮ።»

«ለምን?»

«ተሻላችሁ አሉና።» ሳቀች። «ወረቀት ላይ ተሽሎናል አሉ። እኔ አላየሁትም፤ አንቺ አይተሽዋል?»

ሳቋ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ሠንጠረዡን ማን እንደሠራው አታውቅም። ቁልቁል ወደ ጠረጴዛዬ አየሁ። የታተመውን ገልጬ የደቡብ ሱዳንን ዓምድ በጣቴ ተከትዬ ወረድኩ፤ በእጄ ያስተካከልኩትን ቁጥር አገኘሁት። የእርዳታ ገንዘብ አከፋፋዮቹ ሌላ አገር ተሰብስበው «ደቡብ ሱዳን ተቋቁማዋለች» ብለው ያነበቡት የኔን ቁጥር ነበር፤ የምሳውንም ድጋፍ ወደ ሌላ አዛወሩት። ወዲያው ለኛማል ነገርኳት። አዳምጣኝ ስታበቃ «በይ አስተካክዪዋ!» አለችኝ። ወንበሯን ስባ ሥራዋን ጀመረች።

ኬንያዊቷ አለቃችን ስህተቱን ስነግራት እርማቱ በሚቀጥለው ዓመት እትም ይወጣል አለችኝ። በማግሥቱ አቶ ኦቻላ ከጋምቤላ ተመለሱ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ፤ የራሳቸውን ካርቶን ሠንጠረዡ ላይ ጋረዱ። «አንብቢ» አሉኝ። አነበብኩ። የወደቀው ቁጥር ላይ ስደርስ ካርቶኑን በራሳቸው እጅ አነሱት።

«ስሙን የምንሸፍነው ቆጥረን እስክንጨርስ ነው። ከጨረስን በኋላ ገልጠን እንደገና እናነባለን። ያኔ ገበያውም፣ ጎረቤቱም፣ ያየነው ሁሉ ይመስክር።»

«ይኼን አላስተማሩኝም።»

ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «አላስተማርኩሽም» አሉ። «የምታውቂው መስሎኝ ነው። እኔም ስገልጥ አይተሽ አታውቂም፤ ሁልጊዜ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው የማደርገው።»

አብረን አለቃችን ጋ ገባን። አቶ ኦቻላ ሲናደዱ ድምፃቸው ይቀንሳል፤ ያን ቀን ለመስማት ሴትዮዋ ከወንበሯ ጠጋ ማለት ነበረባት። የታረመው ሠንጠረዥ ከደብዳቤ ጋር በዚያው ሳምንት ወጣ። ምሳው ከተርሙ በኋላ ተመለሰ። ያ ተርም ግን አልፏል፤ የተበላ ምሳ ይቆጠራል፣ ያልተበላውን የሚመልስ እርማት የለም። ከዚያ ወዲያ አንድም ሠንጠረዥ ለኛማል ሳላስነብብ አላወጣሁም። መጀመሪያ ታፍር ነበር፤ ኋላ «እትዬ፣ ይኼ ዋጋ የማነው? በዚህ ዋጋ ሽንኩርት የሚሸጥልሽ ካገኘሽ እኔንም ውሰጂኝ!» ማለት ጀመረች። ዛሬ ወንበሬ ላይ የተቀመጠችው እሷ ናት።

አቶ ኦቻላ ከእኔ ቀድመው ጡረታ ወጡና ጋምቤላ ገቡ። ሁለት አገር የቆጠራቸው ሰው በመጨረሻ ኢትዮጵያን መረጡ ብዬ ስቀልድባቸው «እኔ የሄድኩት ሚስቴ ጋ ነው፤ አገር ምን አገባው?» አሉኝ።

እኔም ተራዬ ደረሰ። በሥራዬ መጨረሻ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና የኢትዮጵያም መስመር በዶላር ሲሰላ ዘጭ አለ። ፀዳለ ዜናውን ሰምታ ደወለች። «እታለም፣ ምን አደረግሽን? ትናንት የነበረኝ ሁሉ ቤቴ ውስጥ አለ፤ በአንድ ሌሊት ደኸየሽ ይሉኛል!» ሳቅን። ቀጥላ ግን ቀስ ብላ «አሁን ነይ በቃ። ክፍሉ ቀለሙ እንኳ ደርቋል» አለችኝ። «እየሸከፍኩ ነው» አልኩ።

ያን ሰሞን ያደረግሁትን ልናገር። ወረቀት አወጣሁና ሁለት ዓምድ አሰመርኩ። ሐኪም፣ ሙቀት፣ ውሃ፣ ወዳጅ፣ ዘመድ፣ የማነበው ነገር፣ የምጠቅመው ነገር እያልኩ ጻፍኩ። ከላይ በካርቶን ሸፈንኩት። ምን ዋጋ አለው፤ ተሸፍኖም የትኛው የት እንደሆነ አውቀዋለሁ። አቶ ኦቻላ ጋ ደወልኩ።

«ሠንጠረዥ ሠራሽ እንዳትዪኝ ብቻ» አሉኝ።

«ሠርቻለሁ።»

ሳቃቸው እስኪያልቅ ብዙ ጠበቅሁ። «አስካለ፣ የምትፈሪው አገር መምረጥ አይደለም። እህትሽን ነው። እሱን በሠንጠረዥ አትሥሪው።»

እውነታቸውን ነበር። ፀዳለ ክፍሉን የሠራችው እኔ ለእሷ ስል ከትምህርት የቀረሁ እየመሰላት ነው። ይህን አንድም ቀን በቃል አላወራነውም። ግን ጫማ ስትገዛልኝ፣ ወንበር ስትለቅልኝ፣ እንግዳ ፊት «እኔን ያሳደገች እሷ ናት» ስትል እሰማዋለሁ። አልመጣም ብላት ያን ሁሉ ዘመን ልትከፍለኝ የፈለገችውን አልቀበልም ያልኳት ይመስላታል። ስለዚህ ዝም አልኩ፤ ዝም ስል እሷ ቲኬት ቆረጠች። ራሷ መጥታ ልትወስደኝ።

ጁባ አውሮፕላን ማረፊያ ስትወጣ መጀመሪያ ያለችው «ምድጃ ተከፈተ እንዴ?» ነው። ቤቴ ገብታ መጽሐፎቼን ከነመደርደሪያቸው ስታይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። «እየሸከፍሽ አልነበረም?» ሻይ ላፍላ ብዬ አመለጥኩ። ኛማል ልትጠይቃት መጣች፤ ሁለቱ ወዲያው ተግባቡ። ኛማል ጋምቤላ የተማረችበትን ትምህርት ቤት ፀዳለ ታውቀው ኖሮ፣ የአንድ ኮስታራ መምህር አረማመድ እያስመሰሉ ሲስቁ አመሹ። እኔን ግን ፀዳለ በዓይኗ ትከተለኛለች።

በሦስተኛው ቀን «ዓባይን አሳይኝ» አለችኝ። ወደብ ወሰድኳት። ጀልባ ደርሶ ወዛደሮች የማሽላ ጆንያ እያወረዱ ነበር።

«ይኼ የኛው ዓባይ ነው?»

«ነጩ ነው። የኛውን ካርቱም ሄዶ ነው የሚያገኘው።»

«እሱም ዘመድ ፍለጋ ይዞራል በይኛ!»

በጆንያዎቹ መሐል ስናልፍ ደረቅ ዓሣ ከምትሸጥ ሴት ዘንድ «ኡስታዛ! ኡስታዛ!» የሚል ጥሪ ሰማሁ። ሜሪ ናት። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት አትላባራ በሚገኘው የጸሎት ቤታችን ክፍል ለጎልማሳ ሴቶች ንባብና ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ፀዳለ ይህን አታውቅም። ሜሪ ልጆች ያሳደገች፣ ፊደል ግን ገና ዘንድሮ የያዘች ሴት ናት። ሮጣ መጥታ እጄን ያዘችኝና ሚዛኗ ጋ ጎትታ ወሰደችኝ። የሚዛኑን ቁጥር ጣቷን እያስነካች ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ አልተሳሳተችም። ገዢዎቿ አጨበጨቡላት። እሷም እንደ ተማሪ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች።

ስመለስ ፀዳለ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«ምን ብላ ነው የጠራችሽ?»

«አስተማሪ።»

ፀዳለ ራሷ ስንት ዘመን ያስተማረች ሴት ናት። ወደ ሜሪ አየች፣ ወደ እኔ አየች፤ ነጠላዋን አስተካከለች። አፏን ልትከፍት ስትል ቀደምኳት።

«ፀዳለ፣ አልመጣም።»

«ምን አልሽ?»

«አልመጣም። እዚህ ነው የምኖረው። ክፍሉን አከራዪው።»

አንድ ወዛደር ጆንያ ተሸክሞ «መንገድ! መንገድ!» እያለ መሐላችን አለፈ። ካለፈ በኋላ ዓይኗ እንባ ሞልቶ አየሁት።

«እኔን ልታስተምሪ ብለሽ ከትምህርት ቀረሽ። አሁን ደግሞ እኔ ላሳርፍሽ ስል ትቀሪያለሽ።»

«አንቺን ለማስተማር ብዬ አይደለም የቀረሁት። አባባ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ የሚያስቀምጠው ሰው አጥቶ ነው። አንቺ ባትወለጂም እቀር ነበር።»

«ይኼን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅሽኝም። እኔም መወደዱ ጣፈጠኝ።»

ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች። ጀልባው ጨርሶ ሲራገፍ ገመዱን ፈቱለት። ፀዳለ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ አፍንጫዋንም።

«ሻንጣዬን ባዶውን ነው ያመጣሁት፤ መጽሐፍሽን ልሞላበት ብዬ።»

«እንግዲያው ደረቅ ዓሣ ሙዪበት።»

«ይሸታላ!»

«ይሸታል።»

ወደ ሜሪ ዞር ብላ አየች። «ትቀንስልናለች?»

«ነይ ጠይቂያት» አልኩ፤ ክንዷን ይዤ።